ብዙ የሚዞር ኩሽኔታ አያታልላችሁ

ሰው ትንሽ ኩሽኔታ (በሁለት የብረት ቀለበት መካከል ብዮች የሚሽከረከሩበትን፣ ዘንግ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገውን ዕቃ) ሲገዛ አይታችሁታል? ጠቋሚ ጣቱ ላይ ይሰካዋል። በሌላው እጁ የውጩን ቀለበት መታ ያደርገዋል። ዝዝዝ እያለ ረጅም ጊዜ ከዞረ «አሪፍ ነው!» ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ቶሎ ከቆመ ይመልሰዋል። ባለሱቁም አይከራከርም፤ ሌላ ያወጣለታል።

እኔ በዚህ ፈተና አላምንም። ብዙ ጊዜ የሚነግረን የተገላቢጦሹን ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ በግራሶ የተሞላ፣ በላስቲክ የተከደነ አዲስ ኩሽኔታ ጣት ላይ ትንሽ ዞሮ ቀጥ ይላል። የሚይዘው ግራሶው ነው፤ ላስቲኩም በበኩሉ ይጎትተዋል። ግራሶው ተሟጦ ያለቀበት፣ ብዮቹ የሚሄዱበት ቦይ የተበላ አሮጌ ደግሞ የሚይዘው ነገር ስለሌለ አንዴ ከለቀቁት ማቆሚያ የለውም። ጭነት ሲያርፍበት ነው ጉዱ የሚወጣው። ይጮሃል፣ ይሞቃል፣ ዘንጉን ያወዛውዛል።

ይህን የምለው ነጋዴ ሆኜ አይደለም። መካኒክም አይደለሁም። ከሥራ ስወጣ ትንንሽ ነገር መሥራት ደስ የሚለኝ የጅማ ሰው ነኝ። በእጅ የሚዞር ቡና መቁያ፣ ለልጆች የእንጨት እስኩተር፣ የሚንጫጫ ቬንትሌተር ማስተካከል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ ውድ ኩሽኔታ አያስፈልግም። ርካሹን መርጦ፣ አጥቦ መጠቀም ይበቃል። ግን መምረጡም ማጠቡም ዘዴ አለው።

ጅማ ውስጥ ትልልቁን ማግኘት አይከብድም። የከተማችን መርካቶ አካባቢ ያሉት የመለዋወጫ ሱቆች የሞተር ሳይክል፣ የባጃጅ፣ የወፍጮ ኩሽኔታ ሞልቷቸዋል። ጣጣው ትንንሾቹ ላይ ነው። 608 ወይም 625 የሚሉትን የመጠን ቁጥሮች ጠርታችሁ ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «የምን መኪና ነው?» የሚል ነው።

«የመኪና አይደለም ጋሼ፤ ለቡና መቁያ ፈልጌው ነው።»

«ለቡና? እናትህ በብረት ምጣድ አይደል እንዴ የሚቆሉት!»

ይሳቃል። ከሳቁ በኋላ ግን መሳቢያው ይከፈታል፤ አንዳንዴም የፈለግነው ከታች ተቀብሮ ይገኛል። ካልተገኘ አዲስ አበባ ያለ ወዳጅ ሶማሌ ተራ ገብቶ ገዝቶ በአውቶቡስ ይልካል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ፍሬ ኩሽኔታ ሰው ማስቸገር ስለሚያሳፍር እኔ ሰብሰብ አድርጌ ነው የማዘው።

የምወደው ምንጭ ግን ሌላ ነው፤ ዲናሞ የሚጠቀልሉ ቤቶች። ሞተር ተፈትቶ ሽቦው እንደገና ሲጠቀለል ኩሽኔታው አብሮ ይቀየራል። የሚቀየረው ደግሞ የሁለቱም ጫፍ ነው። የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ ነው፤ ቺንጋ የሚጎትተው በኩል ያለው። ሌላኛው ደህና ሆኖ ሳለ በጓደኛው ጦስ ይጣላል። ጥግ ላይ ያለው ዘይታም ጣሳ ውስጥ የሚጠብቀን እሱ ነው። ቁራሌው ዘንድም የተሰበረ ልብስ ማጠቢያ፣ የማይሠራ ፕሪንተር ይገኛል። እዚያ ግን ዝናብ የመታው ስለሚበዛ ዓይንን ከፈት ማድረግ ነው።

ከመግዛት በፊት ቁጥር ማንበብ መቻል አለብን። ቁጥሩ ቀለበቱ ጎን ላይ ወይም ክዳኑ ላይ አለ። ደቃቅ ስለሆነ በስልክ ካሜራ አጉልቼ ነው የማነበው። 608ን እንውሰድ። የመጀመሪያው 6 ዓይነቱን ይናገራል፤ ጥልቅ ቦይ ያለው፣ ባለ አንድ ረድፍ ብይ ማለት ነው። የመጨረሻው 8 የውስጥ ቀዳዳው ነው፤ 8 ሚሊ ሜትር። የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። 625 ቀዳዳው 5፣ ውጩ 16፣ ውፍረቱ 5 ነው። 623 ደግሞ 3፣ 10 እና 4።

ቁጥሩ ባለ አራት አሃዝ ሲሆን ሕጉ ይቀየራል። መጨረሻው 00 ከሆነ ቀዳዳው 10 ሚሊ ሜትር ነው። 01 ሲሆን 12፣ 02 ሲሆን 15፣ 03 ሲሆን 17። ከ04 ጀምሮ በ5 ማባዛት ነው፤ 6204 ቀዳዳው 20 ነው። ሁለተኛው ቁጥር የግዝፈቱን ነገር ይናገራል። 6001፣ 6201 እና 6301 ሦስቱም 12 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይቀበላሉ። ውጫቸው ግን 28፣ 32 እና 37 ነው። ይህን ያወቀ ሰው የጣሪያ ቬንትሌተር ውስጥ ብዙ ጊዜ 6201 ወይም 6202 እንዳለ፣ የብዙ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ጎማ በ6301 እንደሚዞር ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ለእንጨት ሥራው የሚስማማውን የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

608 የኛ ዓይነት ሰው ዓይን የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። 13 ቁልፍ የሚይዘው ባለ 8 ቡሎን ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፤ ቶርኖ ቤት ሳይሄዱ ዘንግ ተገኘ ማለት ነው። ደግሞ አቅሙን አትናቁት። ደህና ፋብሪካ የሠራው፣ የብረት ክዳን ያለው 608 በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ይችላል። ቆሞ ደግሞ ከ130 ኪሎ በላይ ይሸከማል። የቡና መቁያ ጣሳ በእጅ ስናዞረው በሰከንድ አንድ ዙር ቢዞር ነው። ርካሹ ኩሽኔታ የዚህን አቅም እሩብ ቢሰጠን እንኳ ተርፎናል።

ከቁጥሩ ኋላ የሚመጡት ፊደላት ክዳኑን ይናገራሉ። «ዜድ ዜድ» በሁለቱም በኩል የብረት ክዳን አለው ማለት ነው። «ቱ አር ኤስ» ሲሆን ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ውሃና አቧራ ይከላከላል፤ መሬት ላይ ለሚሄድ እስኩተር እሱን እመርጣለሁ። ለእሳት አካባቢ ግን አይሆንም። ተራው ጥቁር ላስቲክ ከ100 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ይጠነክርና ይሰነጠቃል። «ሲ 3» የሚል ካያችሁ ደግሞ በብዮቹና በቀለበቱ መካከል ሆን ተብሎ ከተለመደው ሰፋ ያለ ክፍተት ተትቶለታል። ለሚሞቅ ሞተር ነው የሚሠራው። እጅ ላይ ትንሽ ቢነቃነቅ አልቋል ማለት አይደለም።

አንዳንድ ማሸጊያ ላይ «ኤቤክ 7»፣ «ኤቤክ 9» የሚል በትልቁ ይጻፋል። ከ1 እስከ 9 ባሉ ጎዶሎ ቁጥሮች የሚሄድ የአሜሪካኖች ደረጃ ነው። የሚለካው የመጠንና የአዟዟር ትክክለኛነትን ብቻ ነው። ብረቱ ጥሩ ነው ወይ? ግራሶው ምን ዓይነት ነው? ድምፁስ? ስለዚህ ምንም አይልም። በዚያ ላይ ማሸጊያ ላይ 9 መጻፍ ቀለም ብቻ ነው የሚያስወጣው። የታወቀ ብራንድ ስም የታተመበት ሁሉም የዚያ ብራንድ አይደለም፤ አስመስሎ መሥራት በዚህ ንግድ የታወቀ በሽታ ነው። ዋጋው በጣም ከረከሰ ስሙን ትታችሁ ስም እንደሌለው ቁጠሩትና እጃችሁ የሚነግራችሁን ብቻ እመኑ።

ትንሽ ወደ ታሪክ ልውጣ፤ ምክንያቱም ርካሽነቱ ራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1869 ከፓሪስ ሩዋን በተደረገው የብስክሌት ውድድር ያሸነፈው ጄምስ ሙር የጋለበው ባለ ኩሽኔታ ብስክሌት ነበር። ያኔ አንድ ዓይነት ክብ የሆኑ ብዮች መሥራት ፈተና ነበር። በ1883 ጀርመን ሀገር ሽቫይንፉርት ከተማ ውስጥ ፍሪድሪሽ ፊሸር የብረት ብዮችን በብዛት፣ በእኩል ክብነት የሚሞርድ ማሽን ሠራ። ዛሬ እኛ ኩሽኔታ በርካሽ የምንገዛው ከዚያ ማሽን በተወለደ ሥራ ነው። ከተማዋም በኩሽኔታ ስሟ ገነነ። በ1943 ጥቅምት ወር አሜሪካኖች ፋብሪካዎቿን ለመምታት ሲሄዱ በአንድ ቀን 60 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አጥተዋል። ለኩሽኔታ!

ስዊድናዊው ስቬን ዊንግክቪስትም ደስ ይለኛል። የሚሠራው ጎተንበርግ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ከሥሩ ያለው ጭቃማ መሬት ሲሰምጥ ረጃጅሞቹ ዘንጎች ይጣመሙና ኩሽኔታ ይፈጁ ነበር። እሱም ዘንጉ ቢዘነብል ራሱን የሚያስተካክል ኩሽኔታ ፈጠረና በ1907 ኤስ ኬ ኤፍ ተመሠረተ። የጅማን ጥቁር ጭቃ በክረምት የረገጠ ሰው ችግሩ በደንብ ይገባዋል። የእኛም የእንጨት ሥራ ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ ይጣመማል። ተራው ኩሽኔታ ደግሞ የዘንግ መዘንበልን አይወድም።

ወደ ፈተናው እንመለስ። ኩሽኔታ በእጅ እንዴት እንደሚሰማ ያሳዩኝ ዲናሞ የሚጠቀልሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጣቴ ላይ ሰክቼ ሳስሮጠው አይተው ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ ስታስሮጠው ጉድጓዱን ይዘለዋል። ቀስ ስታደርገው ነው የሚነግርህ። ዓይንህንም ጨፍን።»

የውስጡን ቀለበት በሁለት ጣት ያዙ። የውጩን በሌላው እጅ ጫን እያላችሁ በጣም በዝግታ አዙሩ። መጫኑን አትርሱ፤ ብዮቹ ቦዩ ላይ ካልተጫኑ ምንም አይናገሩም። ከዚያ አቅጣጫውን ቀይሩና ከሌላው ጎን ጫኑት። ጤነኛው ኩሽኔታ ወፈር ያለ፣ ልስልስ ያለ ስሜት አለው። የቆሸሸው አሸዋ አሸዋ ይላል። የተጎዳው ደግሞ የሆነ ቦታ ሲደርስ ቀጭ ይልና ያልፋል፣ እንደገና እዚያው ሲደርስ ቀጭ ይላል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቆሻሻ ቦታ ይቀያይራል። አሁን እዚህ የያዛችሁ ነገር ትንሽ አዙራችሁ ስትመለሱ እዚያ አይገኝም። የቦይ ቁስል ግን አይንቀሳቀስም። ቆሻሻው ይታጠባል፤ ቁስሉን ግን ነጭ ጋዝም ጸሎትም አይሽረውም። ቁስሉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመዶሻ ከመመታት ነው። ብዮቹ የተቀመጡበትን ቦታ ይሰረጉዱታል፤ ስለዚህ ቀጭ ቀጩ በእኩል ርቀት ይመጣል። ከዝገት ሲሆን ደግሞ ያለ ሥርዓት ይረግጣል።

መነቃነቁንም እዩ። የውስጡን ቀለበት ወደ ጎን ስትገፉት ትንሽ ይሄዳል፤ ይህ ጤነኛ ነው። ከላይ ወደ ታች ስትነቀንቁት ቋ ቋ የሚል ከሆነ ግን አልቋል። የሞተር ውስጥ ኩሽኔታ ሳይፈታ መስማት ስትፈልጉ የካቻቢቴ ጫፍ ኩሽኔታው መቀመጫ ላይ፣ እጀታውን ጆሯችሁ ሥር አድርጉ። ሞተሩ በዝግታ ይዙር። ፀጉርና ነጠላ ግን ሰብስቡ።

አዲስ ኩሽኔታ ይታጠባል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። በአጠቃላይ አይታጠብም። ፋብሪካው ያስገባው ግራሶ ተለክቶ የገባ ነው። አጥቦ ማውጣት ማለት ዕድሜውን መቀነስ ነው። በጣም ቀላል ጭነት ላለው፣ እንደ ልብ መዞር ላለበት ነገር፣ ለምሳሌ ትንሽ የንፋስ መዘውር ላይ፣ ግራሶውን አውጥቶ በቀጭን ዘይት መተካት ያስኬዳል። በጣም ርካሽ የሆነ አዲስ ኩሽኔታ ደግሞ አንዳንዴ ከውስጡ የብረት ብናኝ ይገኝበታል። ከሳጥኑ ወጥቶ አሸዋ አሸዋ ካለ እሱንም አጥባለሁ። ሌላውን አልነካም።

ማጠቡ የሚጀምረው ክዳን ከመክፈት ነው። የላስቲኩ ቀላል ነው። ቀጭን መርፌ ወይም የምላጭ ጫፍ በውስጠኛው ቀለበት በኩል አስገብታችሁ ቀና አድርጉት፤ ሙሉው ይነሳል። በውጩ ጠርዝ ከሞከራችሁ ላስቲኩን ትቀዱታላችሁ። የብረቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ዙሪያውን በቀጭን የቀለበት ሽቦ ተይዟል። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ክፍት ነው፤ ጫፉን በመርፌ ስትነኩት ተስፈንጥሮ ይወጣል። ጣታችሁን ከላይ አድርጉ፣ አለበለዚያ ስትፈልጉት ይመሽባችኋል። ሌላው ዓይነት ተጭኖ የገባ ነው። እሱ ከወጣ ተጣሞ ስለሚወጣ አይመለስም። እንደዚህ ያለውን በአንድ በኩል ብቻ እከፍታለሁ። ስገጥመው የተከፈተውን ጎን አቧራ ወደማያገኘው ወደ ውስጥ አዞረዋለሁ።

ለማጠቢያ ነጭ ጋዝ እጠቀማለሁ። ቤንዚን ግራሶ ቶሎ ያሟሟል፤ ግን እኛ ሀገር ቤት ውስጥ ከሰል የማይቀጣጠልበት ሰዓት የለም። በተለይ ጅማ፣ ቡና ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ቤት! የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ሄዶ ከሰሉን ይፈልገዋል። ነጭ ጋዝም ቢሆን ነፋስ ባለበት በረንዳ ላይ፣ ከእሳት ርቆ ነው። ላስቲክ ክዳኖቹን እዚያ ውስጥ አትክተቱ፤ አብጠው ቦታቸው አልገባ ሊሉ ይችላሉ። በሞቀ የሳሙና ውሃ ለብቻ ይታጠባሉ።

አፉ ሰፊ የፕላስቲክ ማር ዕቃ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ኩሽኔታዎቹን ባለ 8 ቡሎን ላይ እየደረደርኩ በመካከላቸው ሮንዴላ አስገባለሁ፤ እንዳይነካኩ። መጨረሻ ላይ ዳዶ ላላ አድርጌ አስራለሁ። ነጭ ጋዝ እጨምርና ክዳኑን ገጥሜ እወዘውዛለሁ። መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር ነው። ትንሽ ቆይቶ ብልጭ ብልጭ የሚል ደቃቅ ነገር ታች ይረጋል። ያ ብናኝ ብረት ነው፤ ብዛቱ ስለ ኩሽኔታው የወደፊት ዕድሜ ብዙ ይናገራል። ግራሶው ደርቆ ካልለቀቀ ተዘፍዝፎ ያድራል። ከዚያ አንድ በአንድ አውጥቼ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብዮቹን የያዘውን ቆርቆሮ ከሥር ከላይ እፈትጋለሁ። በሁለተኛ ንጹሕ ነጭ ጋዝ ይለቃለቃል። ያን ጊዜ በዝግታ አዙሮ መስማት ነው። አሸዋው ከጠፋ ይዘነው እንሄዳለን።

የቆሸሸውን ነጭ ጋዝ አትድፉት፤ አዌቱ ወንዝ ውስጥማ በፍጹም። ጠርሙስ ውስጥ ተከድኖ ሲያድር ጥቁሩ ታች ይረጋል። ከላይ ያለው ለሚቀጥለው የመጀመሪያ ዙር ማጠቢያ ይሆናል።

አንድ የማልወደው ነገር አለ። ጎሚስታ ቤት ያሉ ልጆች የታጠበ ኩሽኔታ በኮምፕሬሰር አየር ማስጮህ ይወዳሉ። እንደ አውሮፕላን ሲያፏጭ ይስቃሉ። ዘይት የሌለው ኩሽኔታ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ብይ ከብረት ደረቁን ይፋተጋል። አርጅቶ ከሆነ ደግሞ ተበትኖ ብዩ ተስፈንጥሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። አየር መንፋት ካስፈለገ ሁለቱንም ቀለበት ጨምድዶ ይዞ፣ እንዳይዞር አድርጎ ነው።

ከታጠበ በኋላ ጊዜ የለም። አብዛኛው ኩሽኔታ የሚሠራው 1 በመቶ ገደማ ካርቦንና 1.5 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ካለው ብረት ነው። ጠንካራ ነው፤ ዝገት ግን አይችልም። ጅማ ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ክረምት ላይ ዘይት ሳይነካው ያደረ ኩሽኔታ ጠዋት ቡናማ ነጠብጣብ ይዞ ይጠብቃችኋል። የጣት ላብ እንኳ አሻራ አሻራውን ይተዋል። ስለዚህ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ገልብጦ አንጠፍጥፎ ወዲያው መቀባት ነው። የሚበተን ጨርቅና ሶፍት አይሆኑም፤ ክሩ ውስጥ ይቀራል።

በምን ይቀባ? በእጅ ለሚዞርና ለቀላል ነገር የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ። ቀጭን ስለሆነ ግን ይደርቃል፤ በየጊዜው መጨመር ይፈልጋል። ጭነት ለሚሸከም፣ ለእስኩተር፣ ለሞተር ግራሶ ነው። ጋራዥ ያለው ተራ የሊቲየም ግራሶ ይበቃል። ውስጡን ግን አትሙሉት፤ ከባዶው ቦታ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው የሚፈለገው። ሲሞላ ብዮቹ ግራሶ ሲገፉ ይውላሉ፤ በፍጥነት የሚዞር ከሆነ ያሞቀዋል። የምግብ ዘይት የምትቀቡ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። ውሎ አድሮ ይጣበቅና ኩሽኔታውን ያስረዋል። ከሱ የመኪና ሞተር ዘይት ይሻላል።

ቡና መቁያው ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ቡና ሲቆላ ፍሬው 200 ዲግሪን ያልፋል። ተራ ግራሶ ይህን ያህል ሙቀት አይችልም፤ ሳስቶ ይፈሳል። ዘይት ደግሞ ይጨሳል፤ ያ ጭስ ቡናው ውስጥ እንዲገባ ማንም አይፈልግም። መፍትሔው ውድ ኩሽኔታ አይደለም። ዘንጉን አስረዝሞ ኩሽኔታዎቹን ከከሰሉ ማራቅ ነው። በመካከል ቆርቆሮ ይቁም። እጃችሁ ተቀምጦ የሚቆይበት ቦታ ላይ ኩሽኔታውም ይቆያል።

መግጠሙ ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ ግፊት በብዮቹ በኩል አይለፍ። ቀዳዳ ውስጥ ስታስገቡት የውጩን ቀለበት ግፉ። ዘንግ ላይ ስታስገቡት የውስጡን። መዶሻ አያስፈልግም። ሞርሳ ካለ በሞርሳ፣ ከሌለ በረጅም ቡሎንና በሮንዴላ እየጠበቁ መሳብ ይበቃል። እንጨት ላይ በ22 መሰርሰሪያ የተበሳ ቀዳዳ 608ን ጥብቅ አድርጎ ይቀበላል። ትንሽ ከላላ ከለስላሳ ጣሳ ላይ የተቆረጠ ስስ ጥብጣብ ዙሪያውን ማስገባት ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገርባት አንዲት ነገር ልንገራችሁ። ኩሽኔታው ለብቻው ጥሩ ይዞራል፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ቀጥ ይላል። ጥፋቱ የሮንዴላው ነው። የባለ 8 ሮንዴላ ስፋት 16 ሚሊ ሜትር ነው። የ608 የውስጥ ቀለበት ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሮንዴላው ክዳኑን ይጫነዋል። ውጩ ከ12 የማይበልጥ አጭር የቱቦ ቁራጭ በመካከል አስገቡ፤ የፈለጋችሁትን ያህል አጥብቁ፣ ይዞራል። ደግሞ አንድ ዘንግ በአንድ ኩሽኔታ አይያዝም። ሁለት ይሁኑ፤ በተቻለ መጠንም ይራራቁ።

ያልዳነውን አልጥለውም። ብዮቹን የያዘው ቆርቆሮ የተመታበትን ሚስማር በመሰርሰሪያ አጠፋና ብዮቹን ሁሉ ወደ አንድ ጎን እሰበስባለሁ። የውስጡ ቀለበት ራሱ ይላላና ይወጣል። ፋብሪካውም ሲገጥመው በዚሁ መንገድ ነው ያስገባው። በመዶሻ መስበር አይሆንም፤ የጠነከረ ብረት ስለሆነ ስንጥሩ ይፈናጠራል። የውጩን ቀለበት ዙሪያውን ግራይንደር ላይ ትንሽ አስነክቼ አስቀምጠዋለሁ። ሌላ 608 ቀዳዳ ውስጥ ስገፋ ከላይ የማደርገው እሱን ነው። ካልተሞረደ አብሮ ይቀረቀራል።

ብዮቹ የሰፈር ልጆች ናቸው። የ608 ብይ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማንም አይጫወትበትም፤ ሕፃን እንዳይውጠው ራሴ እሰበስበዋለሁ። የ6204 ሲሆን ግን ወረፋ አለ።